በየሁለት ሰዓቱ

ጥቅምት 9

ለምወድሽ አክስቴ፣ ለእቴቴ፤

ካለሁበት ሆኜ ጉልበትሽን ስሜ ሰላም እልሻለሁ። ወገብሽ እንዴት ነው? አባባስ እንዴት ሰነበተ? እኔ ደህና ነኝ። አንቺ ጆሮሽ ስልክ እንቢ ብሏል፣ እሱ ደግሞ ግማሽ ጎኑ ከተያዘ ወዲህ አንደበቱ ተሳስሯል፤ «በደብዳቤ እንጨዋወት» ብለሽኝ ነበርና ይኸው ጻፍኩ።

ሥራ ጀምሬአለሁ። ሥራው ሰው መደገፍ ነው። ቤቱ ፎቅ የሌለው ረጅም ሕንፃ ነው፤ በኮሪደሩ ግራና ቀኝ አሥራ አንድ ክፍል፣ በየክፍሉ አንድ ሰው አለ። ብቻቸውን የማይነሱ፣ የማይታጠቡ፣ የማይጎርሱ ናቸው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እንገባለን፣ ሰማያዊ ሸሚዝ እንለብሳለን፣ እጃችንን እስከ ክርናችን እንታጠባለን፣ ከዚያ ከመጀመሪያው በር እንጀምራለን።

እውነቱን ልንገርሽ፤ የመጀመሪያው ቀን አለቅሳለሁ ብዬ መሐረብ ይዤ ነበር የሄድኩት። መሐረቡ እንደታጠፈ ተመለሰ። ያጠብኩት ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። ባዶ ገላውን ሳየው ምንም አልተሰማኝም። ሳሙናውን ከጀርባው ሳጸዳ የማታው አውቶቡስ ያመልጠኝ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። እኔ እንደዚህ ነበርኩ እንዴ?

የሙከራ ጊዜው ስድስት ወር ነው፤ መጋቢት ሠላሳ ያልቃል። እስከዚያ አንድ ሳምንት እንኳ ብቀር ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል፤ ደጅ የሚጠናው ብዙ ነው። ካለፍኩ ግን ቋሚ እሆናለሁ፣ የአንድ ወር ፈቃድም አገኛለሁ። ያኔ መጥቼ አባባን በገዛ እጄ አጥበዋለሁ። ቀን የምቆጥረው ለዚህ ብቻ ነው።

እስከዚያ አደራ። የተኛ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ገላው ይቆስላል። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ በጀርባው አዙሪው። በጉልበቶቹ መሃል ትራስ ይግባ፤ ተረከዙ ፍራሽ አይንካ። ደብተር ግዢና ያዞርሽበትን ሰዓት፣ የበላውን፣ የቆዳውን ሁኔታ ጻፊ። ገጹን ቀድደሽ ላኪልኝ። እዚህ እንደዚህ ነው የሚሠራው።

ልጅሽ


ጥቅምት 30

ለጭራሮዬ፤

ያጠብሽው ሁሉ ይመርቅሽ፣ የረገጥሽው መሬት አይጉረብጥሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሁለቴ ለራሴ፣ አንዴ ለአባትሽ ጮክ ብዬ አነበብኩት። «በገዛ እጄ አጥበዋለሁ» የሚለው ጋ ስደርስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ዝገታም!» ለእኔ ይሁን ለአንቺ እንጃ፤ እኩል እንካፈለው።

ያ ሁሉ ንግግሩ ጠፍቶ ስድቡ ብቻ መትረፉ ይገርመኛል። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዳ ሰው ስድብ አያልቅበትም መሰለኝ። ውሃ ሲፈልግ «ገልቱ»፣ ሲጠግብም «ገልቱ»፤ በፊቱ ነው የምለየው። እኔም ብሆን ሠላሳ ዓመት ስልክ ቤት ተቀምጬ የሰው ወሬ ሳገናኝ ጆሮዬ ጠግቦ ተዘጋ፤ አፉ ሥር ካልተጠጋሁ አልሰማውም። እሱ የሚናገረው የለው፣ እኔ የምሰማው የለኝ፤ ተፋቅረን እንኖራለን።

ስለ ማልቀስ ያልሽውን አነበብኩት። አትጨነቂ። እጅሽ ሲለምድ ልብሽ ይከተላል፤ ካልተከተለም እጅሽ ይበቃቸዋል። የታጠበ ሰው ያጠበው ማን ምን ተሰማው ብሎ አይጠይቅም።

ደብተር ገዛሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ይኸው ሁለታችንም አንድ ቤት ገባን። እናንተ ሥራ ላይ የምታደርጉት ዓይነት ጓንት እዚህ ውድ ነው፣ ላኪልኝ። ለተኛ ሰው ቆዳ የሚሆን ነጭ ቅባት ካለም ጨምሪ። ገንዘብ ግን ለራስሽ ያዢ፤ አንዳንድ ነገር ብይበት፣ እንደ ስምሽ እንዳትቀሪ።

የትናንቱ ገጽ ይኸው፦

2፡00 ወደ ግራ አዞርኩት። «ገልቱ» አለኝ።
4፡00 ወደ ቀኝ። ሾርባ ግማሽ ሳህን ጠጣ፣ ሌላውን ግማሽ ቀሚሴ ጠጣው። «ደነዝ።»
6፡00 በጀርባው። ተረከዙ ቀላ ብሏል፤ ከሥሩ ትራስ አደረግኩ። «የተነፈሰ ጎማ» አለኝ፣ ጉንጬን እያየ።
8፡00 አለፈኝ። ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።
9፡00 ነቅቼ አዞርኩት። «ዝገታም፣ ገልቱ።» ለዘገየሁበት ይሆናል ሁለት ያደረገው።

አክስትሽ


ኅዳር 22

ለእቴቴ፤

ገጹ ደርሶኝ ስቄአለሁ። ከመጣሁ ወዲህ የሳቅሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ በዕረፍት ክፍሉ ብቻዬን ስለነበርኩ ማንም አልሰማኝም።

ኃላፊያችንን ስለ ስድቡ ጠየቅኳት። ረጅም፣ ደረቅ፣ የማትስቅ ሴት ናት። እንዲህ ያለ በሽታ ንግግር ሲወስድ ስድብ የሚተርፍለት ብዙ ሰው አለ፣ ስድብ ከሌላ የአንጎል ክፍል ነው የሚወጣው አለችኝ። ስለዚህ እቴቴ፣ የሚሰድብሽ በሽታው አይደለም፣ እሱ ራሱ ነው። ከእሱ የተረፈው እሱ ነው። እባክሽ አንድም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ፤ ድምፁን የምሰማው በዚያ ነው።

ጥፋት ሠርቻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንቺ ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት ልብስ ሰፊዋ የምንላት አሮጊት ወደቀች። ቀኑን ሙሉ አልጋ ልብሷን በባዶ ጣቷ ትጠልፋለች፤ ክር ልትፈልግ ነው የተነሳችው። እሷን ሳነሳና ሐኪም ስጠብቅ መምህሩን ረሳሁት። ከሰዓት በኋላ መዝገቡን ሳየው ባዶ ነው። አዙሬዋለሁ ብዬ ሞላሁት፦ 4፡00፣ 6፡00፣ 8፡00። እስክሪብቶውን መልሼ ወደሚቀጥለው ክፍል ሄድኩ። በማግስቱ ዳሌው ላይ የሳንቲም ስፋት ያህል ቆዳ ተላጠ።

ኃላፊዋ ጠራችኝ። አልጮኸችም። መዝገቡን ከፍታ ጣቷን ሰዓቶቹ ላይ አስኬደችና እንዲህ አለችኝ፦ «ሰው ሰውን ሲያዞር ሰዓት አይሞላለትም። አንዱ ይስላል፣ አንዱ ቆይ ይላል፤ 4፡10 ይሆናል፣ 6፡25 ይሆናል። እንዲህ የተስተካከለው ወንበር ላይ ተቀምጦ የተጻፈ ነው። ያልተጻፈ እንዳልተሠራ ነው፤ ያልተሠራ ግን አይጻፍም።» ለአንድ ጊዜ ምሬሻለሁ ማለቷ ነው፤ ሁለተኛ ከተገኘሁ በዚያው ቀን እሰናበታለሁ። የመምህሩን ቁስል በየቀኑ የማጸዳው እኔ ነኝ። አያውቅም። «አመሰግናለሁ» ይለኛል።

ያንቺም ሰዓት ልክ ልክ ነው፤ ግን እንቅልፍ ወሰደኝ ስላልሽ አምኜሻለሁ።

ጓንቱንና ቅባቱን ይህን ደብዳቤ በሚያመጣልሽ ሰው ልኬአለሁ። አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ፤ ከባሰበት ንገሪኝ። ሥራውን ጥዬ እመጣለሁ። ሥራ ይገኛል፣ አባት አይገኝም።

ልጅሽ


ታኅሣሥ 14

ለጭራሮዬ፤

ጤና ከደጅሽ አይጥፋ። ጓንቱ ደርሷል፤ ለእኔ እጅ ሰፊ ነው፣ ለግዙፎች ነው እንዴ የሚሠሩት? ቅባቱ ግን ዕፁብ ነው፤ የአባትሽ ተረከዝ እንደ ሕፃን ሆኗል፣ ተርፎኝ የራሴንም ቀባሁ።

ስለ መምህሩ ያልሽውን አሰብኩበት። ለሰውየው ንገሪው ልልሽ ነበር፣ ተውኩት። ለአንቺ ሐሳብ ማራገፊያ ይሆን ነበር፣ ለእሱ ምን ይጠቅመዋል? ቁስሉን አጽጂ፣ ዝም በይ። አንዳንድ እውነት ከተናጋሪው በቀር የሚያሳርፈው የለም።

አባትሽ ሳል ይዞታል። ከላይ ቤት ያለችው ነርስ አይታዋለች፣ መድኃኒት ሰጥታዋለች። ምግብ ቀንሷል። ብርዱ ነው መሰለኝ።

2፡00 ወደ ግራ። ሳለ። «ደነዝ።»
4፡00 ወደ ቀኝ። አራት ማንኪያ ሾርባ። «ገልቱ» ሊለኝ ጀምሮ ሳሉ ቆረጠው፤ ጨርሼ ሰማሁት ብዬ ጻፍኩለት።
6፡30 በጀርባው፣ ከፍ አድርጌ። ነርሷን «ዝገታም» አላት። አፍሬ ሞትኩ።
8፡00 ወደ ግራ። ዝም አለ።

አክስትሽ


ጥር 6

ለእቴቴ፤

ሳሉን አልወደድኩትም። እዚህ ሳል ማለት ምን እንደሆነ አይቻለሁ። መምህሩም በሳል ነው የጀመረው። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሩን ስከፍት አልነበረም፤ ማለቴ፣ ነበረ። ከሌላዋ ሠራተኛ ጋር አጠብነው፣ ጸጉሩን አበጠርኩት፣ መነጽሩን ለቤተሰቡ በፖስታ አሸግኩ። ከዚያ ምሳ ሰዓት ደረሰና ምሳዬን በላሁ። አልጋው ላይ ማታውኑ ሌላ ሰው ተኛ። ስድስቱንም ወር እንደዚህ ከሆንኩ ምን ሆኜ ነው የምወጣው እቴቴ? እፈራለሁ ልልሽ ነበር፣ ግን ፍርሃቱም በደንብ አይሰማኝም።

አንድ ነገር ብቻ ይሰማኛል። አባባን ሌላ ሰው እንዲያጥበው አልፈልግም። አንድ ቃል ጻፊልኝ። «ነይ» በይኝና ሸሚዙን አውልቄ እመጣለሁ።

ልጅሽ


የካቲት 3

ለውድ የወንድሜ ልጅ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ዘግይቶ ደርሶኛል። መልስ ያዘገየሁት ወገቤን አሞኝ ስለነበር ነው። አባትሽ ተሽሎታል። ሳሉ ለቆታል። አትምጪ፣ ሥራሽን ያዢ። የቀረሽ ትንሽ ነው።

ጓንትና ቅባት ከእንግዲህ አትላኪ፤ በቂ አለን።

2፡10 ወደ ግራ አዞርኩት። ደህና ነው።
4፡25 ወደ ቀኝ። ሾርባ ሙሉ ሳህን።
6፡05 በጀርባው። ቆዳው ንጹሕ ነው።
8፡20 ወደ ግራ። ፈገግ አለ።

አክስትሽ


የካቲት 24

ለእቴቴ፤

ተመስገን። ገጹን ትራሴ ሥር አድርጌው ተኛሁ። ሙሉ ሳህን! ምን ጨምረሽበት ነው?

እዚህ ለምደውኛል። ልብስ ሰፊዋ ኃላፊዋ ሳታይ ካልሲዬን ሰፍታልኛለች፤ ያው በባዶ ጣቷ ነው፣ ግን አመስግኜ አደረግኩት። አዲስ የገቡትን ሁለት ልጆች ሰው እንዴት እንደሚዞር ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። መዝገብ አሞላልም አስተማርኳቸው። እኔ አስተማሪ! ለአባባ ንገሪው፤ ምን እንደሚልሽም ጻፊልኝ።

ጉልበትሽን ስሜያለሁ።

ልጅሽ


መጋቢት 12

ለውድ የወንድሜ ልጅ፤

በጤና ሰንብተሽ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። አስተማሪ መሆንሽን ነገርኩት። ደስ አለው። በርቺ።

2፡15 ወደ ቀኝ አዞርኩት። ሾርባና ወተት።
4፡05 በጀርባው። ደህና ነው።
6፡35 ወደ ግራ። አመሰገነኝ።
8፡10 ወደ ቀኝ። ተኛ።

አክስትሽ


ሚያዝያ 1

ለእቴቴ፤

ትናንት የሙከራ ጊዜዬ አለቀ። ኃላፊዋ ቢሮዋ ጠርታ ወረቀቱን ሰጠችኝ። እጄን ጨበጠችኝ። ቋሚ ሆኛለሁ።

የመጋቢቱ ደብዳቤሽ የደረሰኝ መጋቢት ሃያ ሰባት ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። የላክሽልኝን ገጾች በሙሉ የዕረፍት ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ውስጥ ስድብ የሌለበት መስመር ከየገጹ አንድ ብቻ ነው ያገኘሁት። ከየካቲት ወዲህ ግን አንድም ስድብ የለም። ፈገግ አለ፣ አመሰገነኝ፣ ደስ አለው። እቴቴ፣ አባባ ማንን አመስግኖ ያውቃል? ጤነኛ እያለስ ለዚህ የሚሆን ቃል ነበረው?

ሰዓቶቹን አሳምረሻቸዋል። ኃላፊዬ ብታያቸው ታልፋቸው ነበር። እኔም የየካቲቱን አምኜ ተኝቼበታለሁ። የሚያሳፍረኝ እሱ ነው፤ መዝገብ አሞላል ለሰው የማስተምር እኔ፣ የውሸት መዝገብ በቤቴ ወረቀት ላይ ማየት አልፈለግኩም።

ስለዚህ ሞቷል ወይ ብዬ አልጠይቅሽም።

ሌላም ልንገርሽ። ሲገባኝ ሙከራው ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ሦስቱንም ቀን ሠራሁ። አሥራ አንዱንም ሰው አጠብኩ፣ አጎረስኩ፣ አዞርኩ፣ ጻፍኩ። ማንም ምን ሆነሻል አላለኝም፤ የሚታይ ነገር አልነበረብኝም። ስለዚህ አንቺ ነሽ ያስቀረሽኝ ልልሽ አልችልም። እኔም ቀርቻለሁ። ተናድጄብሻለሁ፣ ንዴቱ ግን ጎረቤት ቤት እንደተከፈተ ሬዲዮ ነው፤ ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ አይለይልኝም።

ፈቃዴ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይጀምራል። ከመምጣቴ በፊት አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ። የመጨረሻውን ቀን ገጽ ላኪልኝ። አታሳምሪው።

ልጅሽ


ሚያዝያ 11

ለጭራሮዬ፤

ምን ብዬ ሰላም ልበልሽ። እግዜር ያጥናሽ። በወረቀት መርዶ መንገር ነውር ነው፣ አውቃለሁ፤ በወረቀት መዋሸት ግን እንዴት እንደቀለለኝ አንቺ ራስሽ ታውቂያለሽ።

ያረፈው ጥር 18 ነው። «ነይ በይኝ» ያልሽበት ደብዳቤ የደረሰኝ በሦስተኛው ቀን፣ ለቅሶ የመጣው ሰው ቤቱን ሞልቶት ሳለ ነው። ከፍቼ አነበብኩትና ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። የምትመጪለት ሰው አልነበረም። ብነግርሽ ሥራሽን ጥለሽ ትመጪና ባዶ አልጋ ታያለሽ፤ አባትም ሥራም ሳይኖርሽ ልትቀሪ ነው። ማንንም አላማከርኩም። ጥፋት ከሆነ የእኔ ብቻ ነው። ሳትቀብሪው ማለፉ እንደ ድንጋይ ተቀምጦብኛል፤ ይቅር በይኝ ለማለትም አፌ አይፈታም።

ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሊረዱኝ የመጡትን አስወጣኋቸው፣ ከነርሷ በቀር። ጆሮውን ከኋላ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ አንቺ ብትኖሪ እንደምታጥቢው። የአንቺን ጓንት አላደረግኩም።

ፈገግታው ውሸት ነው። ሾርባውም ውሸት ነው። ስድብ ልጽፍልሽ ሞክሬ ነበር፣ እጄ እንቢ አለኝ፤ በእሱ አፍ መሳደብ አልቻልኩም። ሰዓቶቹ ግን እውነት ናቸው። አሁንም በየሁለት ሰዓቱ፣ ትንሽ ቀደም ወይ ዘግየት ብዬ፣ እነሳለሁ። ክፍሉ በር ድረስ እሄዳለሁ። ከዚያ ሰዓቱን እጽፋለሁ። ሌላ ምን ልሥራ?

አላለቀስኩም። ይህችን ልጅ ምን ነካት ስል ነበር፤ ለካ ይሄ ነው። ስትመጪ አብረን እንሞክራለን።

የጠየቅሽውን ገጽ ከደብተሩ ቀድጃለሁ። ያን ቀን የጻፍኩት ነው፣ አንድ ፊደል አልነካሁም።

ጥር 18
2፡20 ወደ ግራ አዞርኩት። ትንፋሹ ያቃስታል። «ደነዝ።»
4፡10 ወደ ቀኝ። ሾርባ አልፈለገም። ነርሷ መጥታ ልቡን አዳመጠች።
6፡40 በጀርባው፣ ሁለት ትራስ። ቀለለኝ። ሰው እንዲህ ይቀላል?
8፡15 ወደ ግራ። ጆሮዬን አፉ ላይ አደረግኩ። «ገልቱ» አለኝ፣ በቀስታ።
9፡05 ውሃ በማንኪያ። አልዋጠም። ከንፈሩን ጠረግኩለት።
9፡30 እጁን ያዝኩት።
10፡00 አላዞርኩትም።